ወጣለት፣ ወጣበት፣ ወጣልን፦ የእዮብ መኮንን «እሮጣለሁ» በሁርሊንግሃም አድማጮች አንደበት

የአልበሙን ርዕስ ትርጉም የጠየቀኝ የስዋሂሊ ሰዋስው የሚያስተምር ኬንያዊ ባልደረባዬ ነው። የተቀመጥነው ሁርሊንግሃም፣ ከአርግዊንግስ ኮድሔክ መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ነበር። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ተሻግሯል፤ ከድምፅ ማጉያው የሚሰማው እዮብ መኮንን ነው፤ አልበሙም «እሮጣለሁ»። ለጠያቂው ነገሩ ቀላል ነበር። እኔ ግን በስዋሂሊ ልመልስለት ስሞክር ከሦስት ቅርጾች አንዱን መምረጥ ግድ ሆነብኝ። «ኒናኪምቢያ» ብለው አሁን በመሮጥ ላይ ነኝ ማለት ይሆናል። «ኒታኪምቢያ» ብለው ሩጫው ወደፊት ይሄዳል። «ሁኪምቢያ» ብለው ልማድ ይሆናል፤ ነገር ግን በዚህ በሦስተኛው ቅርጽ ባለቤቱን የሚያመለክት ቅጥያ ስለማይገባ «እኔ» የሚባለው ሰው ይጠፋል። አማርኛው ሦስቱንም በአንድ ቃል ጠቅልሎ ይዟል። ዘፋኙ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ከሦስቱ አንዱን ጥዬለት ባለፍሁ ነበር። ከሞት በኋላ ለወጣ አልበም ግን የመጀመሪያው ሐሰት፣ ሁለተኛው የማይፈጸም ቀጠሮ፣ ሦስተኛው ሯጭ የሌለው ሩጫ መሰለኝ። ባልደረባዬ መልሱ ያን ያህል ለምን እንደዘገየበት አልገባውም።

እዮብ ጅግጅጋ የተወለደ፣ ሬጌን በአማርኛ ያለ ጥድፊያ የዘፈነ ድምፃዊ ነበር። የመጀመሪያ አልበሙ «እንደ ቃል» በ2007 ወጣ (ዓመቶቹ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። በኦገስት 2013 በድንገት ታሞ ለሕክምና ወደ ናይሮቢ መጣ፤ በዚያው ወር በ18ኛው ቀን፣ ማለትም ነሐሴ 12 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ እዚሁ ከተማ ዐረፈ። «እሮጣለሁ» ለአድማጭ የደረሰው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2017 ነው። ስለዚህ በዚህ ከተማ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የእዮብ ሞት በስልክ የተሰማ የአገር ቤት ዜና ብቻ አይደለም። ስለ እርሱ በተነሣ ጨዋታ ሁሉ «የሞተበት ከተማ» የሚለው ሐረግ ሳይጠራ አይቀርም። በዚህ ሐረግ ውስጥ ያለው «በት» ቦታን የሚያመለክት ነው፤ የመማሪያ መጻሕፍትም እንዲሁ ይላሉ። ከዚህ በታች እንደሚታየው ግን በእነዚህ አድማጮች አንደበት ቅጥያው ከቦታ አመልካችነት ያለፈ ጭነት ተሸክሟል።

አስቀድሞ ርዕሱን እንመልከት። «እሮጣለሁ» የ«እሮጥ» እና የ«አለሁ» ጥምር ነው። ረዳት ሆኖ የገባው መኖርን የሚናገረው «አለ» ነው። ግእዝ «እረውጽ» ብሎ ያለ ረዳት ይጨርስ ነበር፤ በጥንታዊ አማርኛ ጽሑፎችም ይህ ቅርጽ በዓቢይ ሐረግ ውስጥ ብቻውን ሲቆም ይታያል። በዛሬው አማርኛ ዐረፍተ ነገሩ አዎንታዊና ራሱን የቻለ ከሆነ «አለሁ» ይጨመራል። አሉታ ሲሆን «አልሮጥም»፣ ጥገኛ ሲሆን «ስሮጥ» ወይም «የምሮጥ» እንላለን፤ ያን ጊዜ «አለሁ» ይወድቃል። ይህን ሁሉ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። ረዳት ግሥ የቀደመ ትርጉሙ እንደሚደርቅም እናውቃለን፤ «ቡና እጠጣለሁ» የሚል ሰው ስለ ሕልውናው ምስክርነት እየሰጠ አይደለም። ነገር ግን አማርኛ ተናጋሪ «እንዴት ነህ?» ሲባል «አለሁ» ብሎ የሚመልስ ሰው ነው። ቃሉ በአንድ በኩል በሰዋስው ውስጥ ደርቆ፣ በሌላ በኩል በየዕለቱ ሰላምታ ውስጥ እርጥብ ሆኖ ይኖራል። ሌላ ቃል ሳይደገፈው በአልበም ሽፋን ላይ ብቻውን የቆመ «እሮጣለሁ»፣ ከስሩ የአንድ ሟች ስም ተጽፎ ሲታይ፣ የደረቀው ክፍል ይርሳል። ርዕሱን ማንም ይምረጠው፣ ይህን የሚያደርገው ቋንቋው ነው። የመጀመሪያው አልበም ርዕስ ግሥ አልነበረውም፤ ሁለተኛው ደግሞ ከግሥ በቀር ምንም የለውም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ፣ በፊደላችን የማይታይ አንድ ነገር አለ። «እዮብ አለ» ብለን ብንጽፍ አንባቢው ከሁለት አንዱን ለማንበብ ነጻ ነው። ላልቶ ከተነበበ እዮብ ተናገረ፤ «ለ» ጠብቆ ከተነበበ ደግሞ እዮብ በሕይወት ወይም በቦታው ይገኛል። ልዩነቱ የአንድ ድምፅ ጥብቀት ነው። በንግግር ማንም አይሳሳትም፤ በጽሑፍ ግን ዐውዱ ብቻ ይፈርዳል። ሰው ሲሞት ዐውዱ አንዱን ንባብ ይዘጋዋል፤ ከዚያ በኋላ «እዮብ አለ» ማለት «ተናገረ» ብቻ ነው። ከሞት በኋላ የወጣ አልበም የሚያደርገው የተዘጋውን ንባብ እንደገና ገርበብ ማድረግ ነው። ይህን የምለው ለማሳመር አይደለም። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የነበሩት ሰዎች የግሥ ጊዜ አጠቃቀም የሚያሳየው ይህንኑ ነው።

ስለ ሰውየው ሲናገሩ «ነበር» ይላሉ፤ ስለ ዘፈኑ ሲናገሩ «ይላል»። እስከዚህ ድረስ አዲስ ነገር የለም፤ ስለ ሞተ ደራሲም «በዚህ ምዕራፍ እንዲህ ይላሉ» እንላለን። የሚገርመው «ነፍሱን ይማረውና» የሚለው ጣልቃ ገብ ሐረግ የሚገባበት ቦታ ነው። ስዋሂሊ ከዐረብኛ የተዋሰውን «ማሬሄሙ» ከሟቹ ስም በፊት ያስቀምጣል። ቃሉ ምሕረት የተደረገለት ማለት ሲሆን፣ አንዴ ከተለጠፈ ስሙ በተጠራ ቁጥር ይከተላል፤ ማዕረግ ነው። የአማርኛው ግን ምኞት ነው፤ ስም ላይ አይለጠፍም፤ ተናጋሪው በፈቀደበት ስፍራ ያስገባዋል። አድማጮቹ የእዮብን ጠባይ፣ ሕመሙንና የመጨረሻ ቀኖቹን ሲያነሡ «ነፍሱን ይማረውና» ሳይሉ አላለፉም። ወደ «እንደ ቃል» ሲሻገሩ ምኞቱ አልፎ አልፎ ብቻ ይሰማል። ወደ «እሮጣለሁ» ሲደርሱ ጨርሶ ቀረ። ለዚህ ምክንያት ይሆናል ብዬ የማስበው የሁለቱ አልበሞች የመደመጥ ታሪክ ነው። የመጀመሪያው አልበም ዘፈኖች ዘፋኙ በሕይወት ሳለ በታክሲ፣ በሠርግ፣ በካፌ ተሰምተዋል፤ የየራሳቸው «ያኔ» አላቸው። የሁለተኛው ዘፈኖች ወደ ሕዝብ ጆሮ የደረሱት እርሱ ካለፈ በኋላ ነው። «ነበር» የላቸውም፤ ከ«ይላል» በቀር ሌላ ጊዜ አያውቁም። ነፍሱን ይማረው የሚባልለት ሰው ደግሞ «ነበር» ያለው ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በሕይወት ያለ ዘፋኝ አልበም «ያወጣል»። የሞተ ዘፋኝ አልበም «ይወጣል»። «አ» የምትባለው አድራጊ ቅድመ ቅጥያ ከዘፋኙ ጋር ትቀበራለች። እንዲያውም «እዮብ በ2017 አልበም አወጣ» ቢባል አድማጩ ሁሉ ቅንድቡን ያነሣል፤ ዐረፍተ ነገሩ በሥርዓተ ቃል ረገድ እንከን የለበትም፣ የጎደለው አድራጊው ነው። አድራጊው ሲጠፋ ግን ግሡ ባዶውን አይቀመጥም። አማርኛ ከግሥ በኋላ የሚቀጥላቸው ሁለት ቅጥያዎች አሉት፤ በ«ል» የሚመሠረተው የተጠቀመውን፣ በ«ብ» የሚመሠረተው የተጎዳውን ያመለክታል። ፈረደለት፣ ፈረደበት። መሰከረለት፣ መሰከረበት። በዚያን ቀን ከሰማኋቸው አድማጮች መካከል «አልበሙ ወጣ» ብሎ በባዶው የተወ አንድም አልነበረም። አብዛኞቹ «ወጣለት» አሉ። አንድ ሰው፣ ራሱም ድምፅ የሚቀዳ ባለሙያ፣ «ወጣበት» አለ። አንዲት ሴት ደግሞ «ወጣልን» አሉ፤ ሰውየውን የሚያውቁት እንደማንኛውም አድማጭ በድምፁ ብቻ ነው።

ከሞት በኋላ ስለሚወጣ አልበም የሚጻፈው ሂስ በየትኛውም አገር ሁለት ጥያቄዎችን ይደጋግማል፤ ዘፋኙ ይህን ይወድደው ነበር ወይ? ገንዘቡ የማን ነው? የመጀመሪያው መልስ የለውም፤ ሁለተኛው ለሕግ ሰዎች ነው። እነዚህ ሦስት ቅጥያዎች ያነሡት ጥያቄ ከሁለቱም የተሻለ ነው ባይ ነኝ። አልበሙ የወጣው ለማን ነው? ጥቅሙስ፣ ጉዳቱስ በማን ላይ ያርፋል? ቋንቋው ተናጋሪውን ያስገድደዋል፤ ቅጥያውን ከጨመረ ወገን ሳይለይ ማለፍ አይችልም።

«ወጣበት» ያለውን ሰው ክርክር አቃልዬ ማለፍ አልፈልግም። እርሱ እንደሚለው በስቱዲዮ የሚቀዳ ድምፅ ሁሉ ለሕዝብ የታሰበ አይደለም። ዘፋኝ ዜማውን ለመያዝ ይቀዳል፣ ቃሉን ለመሞከር ይቀዳል፣ ነገ የተሻለ እቀዳዋለሁ ብሎ ይቀዳል። ነገ ካልመጣ ረቂቁ የመጨረሻ ይሆናል፤ ረቂቁን የመጨረሻ ያደረገው ደግሞ ዘፋኙ አይደለም። ከድምፁ በስተኋላ የሚገባው መሣሪያ፣ የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል፣ የሚቆረጠውና የሚረዝመው ሁሉ በሌላ ሰው እጅ ይወሰናል። ይህ ክርክር ለእኛ ለቋንቋ ሰዎች ባዕድ አይደለም። ከመካከላችን የመስክ ማስታወሻው ከሞቱ በኋላ እንዲታተም የሚፈቅድ ስንት ነው? እኔ የራሴን ደብተሮች ሳስብ፣ የጥያቄ ምልክት ያደረግሁባቸው አናባቢዎች ያለ ጥያቄ ምልክት ታትመው ይታዩኛል።

ሆኖም የእኛው ሙያ ተቃራኒውን ምሳሌም ይሰጠናል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከመምህራቸው ከክፍለ ጊዮርጊስ የተቀበሉትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ሥራ ሲያስፋፉ ኖረው ሳያሳትሙት ዐረፉ። ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ያለዚያ መጽሐፍ የዛሬው የግእዝ ጥናት ምን ይመስል እንደነበር ማሰብ ይከብዳል። መጽሐፉ «ወጣባቸው» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። «ወጣላቸው» ማለትም ብዙ አይሰማም። የምንለው «ደረሰን» ነው። በሦስት ትውልድ እጅ ያለፈ ሥራ የአንድ ሰው ፈቃድ ብቻ እንዳልሆነ አንባቢው ተቀብሎታል።

ልዩነቱ ድምፅ መሆኑ ላይ ነው። መዝገበ ቃላት ስናነብ የአለቃን ትንፋሽ አንሰማም። እዮብን ስናዳምጥ ግን ከቃል በፊት የሚሳበውን አየር ሳይቀር እንሰማለን። የእርሱ አዘፋፈን ይህን ያጎላዋል። የጥላሁን ገሠሠ ትውልድ ያስለመደን ድምፅን እያርገበገቡ፣ እያንቆረቆሩ ከፍ ማድረግን ነው። እዮብ ወደ ንግግር የቀረበ፣ ዝግ ያለ፣ በዝቅታ የሚሄድ ድምፃዊ ነው፤ ጠባቂውን ድምፅ አጥብቆ፣ ላዩን አላልቶ ቃሉን ሳይበላ ያወጣል። የሬጌ ምት ከደካማው ምት ላይ መውደቁም ይረዳዋል፤ ጠብቆ የሚነገረው ተነባቢ ጊታሩ በሚመታበት ክፍተት ላይ ቦታ ያገኛል። አማርኛ በሬጌ ሲዘፈን ብዙ ጊዜ የጃማይካ እንግሊዝኛን ዜማ ለመምሰል ጥብቀቱን ይሠዋል፤ እርሱ አልሠዋም። ይህ ጠባይ በሁለቱም አልበሞች ውስጥ አንድ ነው። «ወጣበት» ለሚለው ክርክር የእኔ መልስ ከዚህ የሚነሣ ነው። በኋላ የተጨመረው መሣሪያ የፈለገውን ያህል የሌላ ሰው ምርጫ ቢሆን፣ የቃሉ አወጣጥ የእዮብ ነው፤ ይህንን ማንም ሊጨምርለትም ሊያወጣለትም አይችልም። አልበሙን የእርሱ ብቻ አድርጎ መስማት ስሕተት ነው፤ የእርሱ አይደለም ብሎ መስማትም እንዲሁ።

ጊዜም የራሱን ይሠራል። ቦብ ማርሊ በሜይ 11 ቀን 1981 ዐረፈ፤ «ኮንፍሮንቴሽን» የተባለው አልበም በ1983 ወጣ፤ «ቡፋሎ ሶልጀር» የሚገኘው በዚህ አልበም ውስጥ ነው። ዛሬ ዘፈኑን ከሚያዜሙት መካከል ዘፋኙ አልበሙን ሳያየው እንደሞተ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በ«ለት» እና በ«በት» መካከል የነበረው ጠብ ረግቧል። በሌላ በኩል ጊዜ በቀላሉ የማያረግበው አለ። ሃጫሉ ሁንዴሳ በጁን 29 ቀን 2020 አዲስ አበባ ላይ ተገደለ፤ «ማል መሊሳ» የተሰኘው አልበሙ ልክ በሙት ዓመቱ ወጣ። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ምን ይሻላል?» ወደሚል ጥያቄ ይቀርባል። በታመመና በተገደለ ሰው መካከል ያለው ርቀት እዚህ ላይ ይታያል፤ የአንዱ አልበም ኑዛዜ ሆኖ ሲሰማ የሌላው ክስ ሆኖ ይሰማል። ኦሮምኛም የራሱ መንገድ አለው፤ «ናፍ» ሲል ለእኔ፣ «ናጀላ» ሲል ደግሞ ከሥሬ ተወሰደብኝ ማለቱ ነው፤ «ናጀላ ዱኤ» የሚለው ከአማርኛው «ሞተብኝ» ጋር ይገጥማል።

«ሞተብን»። ወደዚህ ቃል መመለስ አለብኝ፤ የነገሩ መነሻ እርሱ ነውና። በለቅሶ ቤት በ«ብ» የሚጠራው ተጎጂ ሟቹ ሳይሆን ቋሚው ነው። ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ ወዲያው የስዋሂሊውን «ኩፊዋ» አነሣ። ከ«ኩፋ»፣ ከመሞት፣ የወጣ ሲሆን ሰው ሞቶበት ማዘን ማለት ነው። ነገር ግን ስዋሂሊ ለጥቅምም ለጉዳትም የሚጠቀመው በአንድ ቅጥያ ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚነግርህ ግሡና ዐውዱ ነው። አማርኛ ሁለቱን ስለሚለይ፣ «ሞተብን» ብሎ የጀመረ ሰው «ወጣልን» ብሎ ሲጨርስ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሩ በድምፅ ይሰማል። «ብ» ወደ «ል» ትለወጣለች፤ «ን» ግን ባለችበት ትቆያለች። ተጎጂውም ተጠቃሚውም እኛው ነን።

ስለዚህ ከሦስቱ መካከል «ወጣልን» ያሉት ሴት ትክክል ናቸው እላለሁ። «ወጣለት» ደግ ቃል ነው፤ ለሟች ውለታ የዋልንለት ያስመስላል፣ ጸጸትንም ያስታግሳል። በናይሮቢ ደግሞ ጸጸቱ ቀላል አይደለም። በዚያ ኦገስት ለመዳን ወደ ከተማቸው የመጣ ሰው አልዳነም። ምንም ማድረግ የሚችሉት ነገር እንዳልነበረ ያውቁታል፤ ሆኖም «የሞተበት ከተማ» ሲሉ «በት» ቦታ ብቻ ሆና አትቀርም፣ ጉዳትን የምታመለክተዋ መንትያዋ ከጀርባዋ ትሰማለች። አልበሙ «ወጣለት» ሲባል የተካሰ ይመስላል። እኔ ግን ሟች በአልበም አይካስም እላለሁ። ዘፈኖቹን የፈለግናቸው እኛ ነን፤ ተቀብለን የሰማናቸው፣ በእሑድ ከሰዓት ቡና የምንጠጣባቸውም እኛ ነን። ይህን አምነን ስንሰማው ለአልበሙ ሂስ መስጠትም እንችላለን። «ወጣለት» ብለን ከጀመርን የማንወድደውን ዘፈን አልወደድሁትም ማለት ሟች መውቀስ ይሆንብናል፤ ከዚያ ጠረጴዛ ዙሪያም አንድም ሰው ደካማ ያለው ዘፈን አልነበረም። ከደጋፊዎቹ ጋር የማልስማማው በዚህ ብቻ ነው። ዘፋኙ በሕይወት ሳለ ቢያወጣው ኖሮ ይህኛው ከዚያኛው ያንሳል፣ ይህ ረዘመ፣ ያ ተደገመ ይባል ነበር፤ ያ ደግሞ ክብር ነው።

ባልደረባዬ እስከዚያ ድረስ ትርጉሙን አልተወም ነበር። የ«አለሁ»ን ነገር ካስረዳሁት በኋላ በስዋሂሊም እንዲሁ ለጠያቂ ስለ መገኘት የሚመለስበት ቃል እንዳለ ነገረኝ፤ ችግሩ ግን ቃሉ ሦስት መሆኑ ነው። «ኒፖ» ካልህ እዚህ፣ በታወቀ ቦታ አለህ። «ኒኮ» ካልህ የሆነ ስፍራ አለህ፤ የት እንደሆነ አይለይም። «ኒሞ» ካልህ ከአንድ ነገር ውስጥ አለህ። ከሦስቱ የትኛው ከ«ኪምቢያ» ጋር ቢጣመር ርዕሱን እንደሚመልስ ጠየቀኝ። በረካው ቀርቦ ነበር፤ ጥያቄውን በአማርኛ ለሌሎቹ አቀረብሁላቸው። ድምፅ ቀጂው «ኒሞ» ብሎ ወደ ድምፅ ማጉያው አመለከተ፤ ሴትዮዋ ግን «ኒኮ» አሉ፣ ከዚያም ሲኒያቸውን አንሥተው ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ሌላ ቃል አልተናገሩም።